አማካሪ ነኝ፤ ፊርማ የለኝም

«አማካሪ ሆነች» ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚለው «ምን አጥፍታ ነው?» ነው። አይፈረድበትም። እኛ አገር አንድ ሹም ከቦታው ሲነሳ የሚያርፍበት ወንበር ብዙ ጊዜ «አማካሪ» ይባላል። ቢሮ ይሰጠዋል፤ ሻይ ይመጣለታል፤ ምክሩን የሚጠይቀው ግን የለም። እኔ ከባለሙያነት ወደዚህ መደብ ሳድግ አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያሉ ጎረቤቶቼ እንኳን ደስ አለሽ ለማለት ሲያመነቱ አይቻለሁ። ምድር ቤት ያሉት እትዬማ «አይዞሽ ልጄ፣ ይሄም ያልፋል» ብለውኛል።

ሥራው ግን አለ። ያውም ከባድ ነው። ይህን የምጽፈው ወደዚህ ሥራ ለመግባት ለምታስቡ ነው። በተለይ ኢኮኖሚክስ፣ ሕግ ወይም የሕዝብ አስተዳደር ተምራችሁ መንግሥት ቤት ለገባችሁና «ከዚህ በኋላ ወዴት?» ለምትሉ። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም። ለነገሩ የትኛውም ሚኒስቴር ብትሄዱ የምለው ነገር ብዙም አይለይም።

አገባቤን በአጭሩ ልለፈው። በኢኮኖሚክስ ተመርቄ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ወረዳ ነው፤ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት። ከዚያ ማስተርስ፣ ከዚያ ጥናት ክፍል፣ ከዚያ ሚኒስቴር በባለሙያነት፣ ከዚያ አማካሪ። ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ማስተርሱ ነው። እስከ ዛሬ የሚያበላኝ ግን የወረዳው ጊዜ ነው። አዋጅ ከላይ ወርዶ መሬት ሲነካ ምን እንደሚሆን ያየሁት እዚያ ነው። ደብዳቤው ይመጣል፤ አባሪው የለም። ቅጹ ይመጣል፤ የሚሞላው ሰው አልተቀጠረም። «ሥልጠና ይሰጥ» ይባላል፤ በጀቱ ለነዳጅ አይበቃም። እድሉን ካገኛችሁ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ትንሽ ሥሩ። «እዚያ ገብተህ ትቀራለህ» የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው።

አማካሪ አይፈርምም። በጀት አያዝም፣ ሠራተኛ አይቀጥርም፣ ደብዳቤ እንኳን በራሱ ስም አያወጣም። ሚኒስትሩ ወይም ሚኒስትር ዴኤታው አንድ ሰነድ ይደርሳቸዋል። ዳሩ ላይ በእስክሪብቶ «አስተያየት ይሰጥበት» ወይም «ይታይና እንነጋገር» ብለው ይመሩታል። ሰነዱ ጠረጴዛችሁ ላይ ያርፋል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ለነገ ጠዋት ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪ አማካሪ እውቀቱን ማሳየት ያምረዋል። ሃያ ገጽ ይጽፋል። ከደቡብ ኮሪያ ይነሳል፣ በቬትናም አድርጎ ሩዋንዳ ይደርሳል፣ ኢትዮጵያ ሲገባ ገጹ አልቋል። አለቃው ደግሞ ወረቀቱን የሚያነበው ከአንድ ስብሰባ ወደ ሌላው ሲሄድ መኪና ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ጻፉ። ትርፉን በአባሪ አድርጉት፤ የሚፈልግ ያገላብጠዋል።

በዚያች ገጽ ላይ መጀመሪያ የሚወሰነው ነገር ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ። ይህን መጻፍ ካቃታችሁ ጉዳዩ ገና አልገባችሁም ማለት ነው፤ የመራችሁ ሰው ጋ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ አማራጮቹ ይምጡ። «ባለበት ይቀጥል» የሚለውም አማራጭ ነው፤ እሱም የራሱ ዋጋ አለውና ይጻፍ። እያንዳንዱ ስንት ያስወጣል፣ ከየትኛው በጀት? ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል? የሚጎዳው ሰው ዝም ይላል ወይስ ይጮኻል? ማን ይፈጽመዋል? መጨረሻ ላይ የእናንተ ምክረ ሀሳብ። «ሁሉም የየራሳቸው ጥሩ ጎን አላቸው» ብላችሁ ከጨረሳችሁ አለቃው «ታዲያ ምን ላድርግ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በአማርኛ መጻፍን ተለማመዱ። ጥናቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፤ በተለይ በለጋሾች ገንዘብ የተሠራው። ነጋሪት ጋዜጣ ግን በሁለቱም ቋንቋ ታትሞ ልዩነት ከተገኘ የሚጸናው የአማርኛው ነው። ምክር ቤት ቀርቦ የሚነበበው ሐተታ ዘምክንያትም፣ ማለትም ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ የሚያብራራው ጽሑፍ፣ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛው የሚያምር፣ አማርኛው የማይነበብ ረቂቅ ስንት ጊዜ አይቼ አዝኛለሁ።

ሁለተኛው የጀማሪ ፈተና «አዋጅ ይውጣ» ማለት ነው። ችግር ሁሉ በአዋጅ የሚፈታ ይመስለናል። አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። መመሪያ የመሥሪያ ቤታችሁ ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ጊዜው ይረዝማል፣ እጅም ይበዛል። ብዙ ጊዜ ሥልጣኑ በነባሩ አዋጅ ውስጥ ተቀምጧል፤ የጎደለው መመሪያ ብቻ ነው። አንዳንዴ መመሪያም አያስፈልግም፤ አንድ ቅጽ መቀየር ይበቃል። ረቂቅ ከመጀመራችሁ በፊት ነባሩን ሕግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡት። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ትታወቃላችሁ።

መመሪያም ቢሆን እንደ ድሮው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራበት አይደለም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከወጣ ወዲህ ረቂቅ መመሪያ ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ አለበት። ከዚያ ፍትሕ ሚኒስቴር ይመዘገባል፤ ድረ ገጽ ላይም ይወጣል። ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። «አስቸኳይ ነው፣ እንዝለለው» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። ያን ጊዜ አዋጁን ማሳየት የእናንተ ሥራ ነው። ጠበቃ ያለው አንድ ባለጉዳይ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያፈርሰው የሚችል ነገር ነውና።

አሁን ወደ ካላንደሩ። ብዙ ጎበዝ ሰው ምክሩ ጥሩ ሆኖ የሚወድቀው ጊዜውን ስለሚስት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የበጀት ጥሪው የሚመጣው የካቲት አካባቢ ነው። ከዚያ መሥሪያ ቤቶች ፍላጎታቸውን ያቀርባሉ፣ ገንዘብ ሚኒስቴር ጋ ክርክር አለ፣ ግንቦት ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ተወካዮች ምክር ቤት። ገንዘብ የሚጠይቅ ሀሳብ ይዛችሁ ሰኔ ላይ ከመጣችሁ ሰኔና ሰኞ ገጠመባችሁ። የሚቀጥለው ዓመት ተቆርጧል፤ የዘንድሮው ደግሞ ወይ አልቋል ወይ «ሳይመለስ እንጠቀምበት» እየተባለ ወንበርና ኮምፒዩተር እየተገዛበት ነው።

አዋጅ ከሆነ ደግሞ ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 58 ተመልከቱ። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ መሀል ላይም የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ክረምቱን ምክር ቤቱ አይቀመጥም። እኔ ክረምትን የማየው እንደ ማዘጋጃ ወቅት ነው። ስብሰባ ይቀንሳል፣ ሰው ፈቃድ ይወጣል፣ ሰነድ የማንበብ ጊዜ ይገኛል። ጥቅምት ላይ የሚጠየቀኝን ነገር ነሐሴ ላይ እገምትና የአንድ ገጹን መነሻ ሠርቼ አስቀምጣለሁ። ጥያቄው ሲመጣ ለነገ ጠዋት መድረስ አይከብደኝም። ከሁሉም በላይ የረዳኝ ልማድ ይህ ነው። ፊርማ የሌለው ሰው ያለው ቀድሞ መዘጋጀት ብቻ ነው።

ዳር ከተማ መኖሬን መጀመሪያ እንደ ቅጣት አየው ነበር። ጠዋት በጨለማ መነሳት፣ ማታ በጨለማ መግባት። በኋላ ግን ለሥራዬ እንደጠቀመኝ ገባኝ። ቦሌ ወይም ካሳንቺስ ብኖር የማላያቸው ነገሮች አሉ።

ለምሳሌ የነዳጅ ድጎማውን እንውሰድ። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ጀምሮ አጠቃላይ ድጎማውን እየቀነሰ የታለመ ድጎማ ጀመረ። ሀሳቡ ድጎማው ለተመዘገበ የሕዝብ ትራንስፖርት እንዲቆይ፣ ሌላው ቀስ በቀስ ትክክለኛውን ዋጋ እንዲከፍል ነበር። ክፍያውም በቴሌብር ተያያዘ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ምክንያታዊ ነው፤ ለቤት መኪና ነዳጅ ድሃው ለምን ይደጉም? ግን የድጎማው መጨረሻ ያለው ማደያው ላይ አይደለም። ተሳፋሪው ጋ ነው። የእኛ ሰፈር ተሳፋሪ ደግሞ ታክሲ መንገድ እንደሚቆርጥ ያውቃል። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ «ወራጅ!»። ከቃሊቲ ሳሪስ፣ እንደገና ወራጅ። ከሳሪስ ስታዲየም። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ታሪፉ በሕጉ ነው የሚከፈለው፤ ድምሩ ግን ከሙሉ መንገዱ ይበልጣል። ታሪፍ የሚያወጣ ሰው ይህን ከቢሮ ሆኖ አያየውም። አንድ ረዳት «እህቴ፣ እኛ ታሪፍ ጥሰን አናውቅም» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ልክ ነው፣ አልጣሰም። እንግዲህ አንድ ረቂቅ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ማንም ሕጉን ሳይጥስ ዓላማው የሚከሽፈው በየት በኩል ነው?

የቤት ኪራዩም እንዲሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ እንዲመዘገብ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን ይላል። ረቂቁ ምክር ቤት ሳይደርስ ወሬው እኛ ብሎክ ደርሶ ነበር። አከራዮች ምን አደረጉ? ሳይታገድባቸው አስቀድመው ጨመሩ። ይህ የአከራይ ክፋት ብቻ አይደለም፤ ማንም ሰው የሚያደርገው ስሌት ነው። ስለዚህ ዋጋ የሚነካ ነገር ስታማክሩ ሀሳቡ ከተሰማበት ቀን እስከሚጸናበት ቀን ያለውን ክፍተት አስቡ። ከነባሩ አሠራር ወደ አዲሱ እንዴት እንደሚታለፍ የሚናገረው የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ በጥድፊያ ይጻፋል። እኔ ከእሱ ነው የምጀምረው።

ሦስተኛውና የሚከብደኝ የመሬት ካሳ ነው። የምንኖርበት ሕንጻ የቆመው ጤፍ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ዛሬም ከመጨረሻው ብሎክ ወዲያ እርሻ ይታያል። በ1997 በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ምትክ መሬት ሳያገኝ ለሚነሳ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ግን ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ ጨመረ። ትልቅ ለውጥ ነው። አሁን ግን ወረዳ የሠራ ሰው የሚጠይቀውን ጠይቁ። የገበሬውን የሦስት ዓመት ገቢ ማን መዘገበው? ዋጋው የጥር ነው ወይስ የሐምሌ? አጨዳ ሰሞን ጤፍ ይረክሳል፤ ክረምት ይወደዳል። በ15 ሲባዛ ልዩነቱ የአንድ ቤተሰብ ሕይወት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አዋጁ ውስጥ ማስገባት አይቻልም፤ በመመሪያና በቅጽ ነው የሚያልቀው። ቅጹን የሚያረቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ ተመራቂ ባለሙያ ነው። አማካሪ ከሆናችሁ ቅጽ ማየት አትናቁ።

ቁጥር ላይም አንድ ልበል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። አዲስ አበባ ያኔ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበረች። አራተኛው ቆጠራ ለ2011 ታቅዶ ተራዘመ። እንግዲህ አስቡት፤ እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም በዚያ ቆጠራ ውስጥ የለም። ያኔ አልተገነባም። ትንበያው አጠቃላይ ድምሩን ሊጠጋ ይችላል፤ ሰው ከመሀል ወደ ዳር መውጣቱን ግን በወጉ አያሳይም። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለአውቶቡስ ስትመክሩ በቆጠራ ትንበያ ብቻ ከሄዳችሁ ዳሩ ሁሌም ይጎድላል። እኔ የማጣራበት መንገድ አለኝ። የኮንዶሚኒየም ርክክብ ቁጥር፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪ፣ የአንደኛ ክፍል ምዝገባ። ፍጹም አይደሉም። ሦስቱ አንድ አቅጣጫ ካሳዩ ግን በልበ ሙሉነት እጽፋለሁ፤ ከየት እንዳገኘሁትም አብሬ አሰፍራለሁ።

ሰርቪሱንም ሳላነሳ አላልፍም። የመንግሥት ሠራተኛውን በመታወቂያ በነጻ የሚያመላልሰው አውቶቡስ ለእኔ ሁለተኛ ቢሮ ነው። ወንበር ከተገኘ የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያ አጠገብ፣ የፍትሕ ሰው ፊት ለፊት ትቀመጣላችሁ። በደብዳቤ ወር የሚፈጀው ጥያቄ ቃሊቲ ሳንደርስ ይመለሳል። «ይሄንንማ በጀት ክፍል አይቀበሉትም፤ ባለፈው ዓመት ሌላ መሥሪያ ቤት ጠይቆ ተመልሷል» ይለኛል አንዱ። ወርቅ ነው። ነገር ግን ረቂቅ ገልጣችሁ አታንብቡ፤ የአለቃችሁን አቋም አትናገሩ። የኪራይ ወሬው እኛ ብሎክ እንዴት ደረሰ ብላችሁ ነው?

ወርክሾፕም አለ። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ፣ አበል፣ ፓወር ፖይንት፣ የቡድን ፎቶ። ብዙ ሰው ያማርራል፤ እኔም አማርራለሁ፤ ግን እሄዳለሁ። አዳራሽ ውስጥ የሚናገሩት ሁሌም እነዚያው ናቸው። ከክልልና ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ኋላ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዛል። ሻይ ሰዓት ላይ እሱን ፈልጉ። «ይሄ ነገር እናንተ ጋ ቢመጣ ሰኞ ጠዋት ማን ይጀምረዋል?» በሉት። ፈገግ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

«መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለውን ተረት ሰዎች ደጋግመው ይጠቅሱልኛል። ተረቱ ያልነገረን ንጉሡ ምክሩን ሰምቶ ሌላ ሊያደርግ እንደሚችል ነው። ይህ ይደርስባችኋል። ተቃራኒው ይወሰናል። መብታቸው ነው፤ ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው፣ እናንተ የማታዩትንም ያያሉ። እኔ የምከተለው ደንብ አለኝ። ከውሳኔ በፊት ያልተስማማሁበትን በግልጽ፣ በጽሑፍ፣ ለብቻቸው እነግራለሁ። ስብሰባ ላይ አለቃ አላሳፍርም። ከውሳኔ በኋላ ደግሞ የተወሰነው በትንሽ ጉዳት እንዴት እንደሚፈጸም እሠራለሁ። «ብዬ ነበር» ማለት ያምራል፤ ግን አንድ ጊዜ ካላችሁት ሁለተኛ አትጠየቁም። ሕግ የሚጥስ ነገር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ላይ «አልችልም» ብላችሁ ምክንያቱን ጽፋችሁ ፋይል አስይዙ።

ገንዘቡን ለሚጠይቁኝ፦ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሄዱ ጓደኞቼ የሚያገኙት ከእኔ በብዙ ይበልጣል። ይህን አውቃችሁ ግቡ። ብዙ ሰው ጥቂት ዓመት ሠርቶ ይወጣል፤ ነውር የለውም። ለመግባት የምታስቡ ደግሞ ማስታወቂያ ብቻ አትጠብቁ። አማካሪ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ሰነዱን ከሚያውቁት ባለሙያዎች መሀል ነው። በዘርፋችሁ ያለውን አንድ አዋጅ ከነደንቡና ከነመመሪያው ጠንቅቃችሁ እወቁ። ሰው ስለዚያ ጉዳይ ሲነሳ «እሷን ጠይቋት» እስኪል ድረስ።

ሚኒስትር ሲቀየር ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ አይቀርም። አዲስ ሹም የራሱን ሰው ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቢሮ ሲገቡ በእንጥልጥል ያሉ ጉዳዮችን ዝርዝር የሚያቀርብላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ያንን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ፤ የቀድሞውን ግን አትሙ። ከዚያ በፊት ግን፣ ገና ስትመደቡ፣ የምደባ ደብዳቤያችሁን በደንብ አንብቡት። ምደባው ሲያበቃ ወደ ነበራችሁበት ቋሚ መደብ ትመለሳላችሁ ወይስ አትመለሱም? ደብዳቤው ላይ ካልተጻፈ የሰው ሀብት አስተዳደር ሄዳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የመልሱን ቅጂም ቤታችሁ አስቀምጡ።